የጌንኮ ቀላል እግር

በየሰፈሩ፣ መኪናው ከሰው ሁሉ መኪና ያነሰ ነዳጅ የምትጠጣ አንድ ሰው አይጠፋም። እግዚአብሔር ሰፈር ሲሠራ እሱን አይረሳም። ለእኛ ለሮዶፕ ተራራ ሥር ሰዎች የደረሰን ክቡር ጌንኮ ነው።

ጌንኮ አዲሷን የቤንዚን መኪናውን ቄሱ ጠበል ከረጩለት ቀን ጀምሮ «መቶ ኪሎ ሜትር በአራት ሊትር» ማለቱን አልተወም። ሌላው ነዳጅ በዛብኝ ብሎ ካማረረ መልሱ አንድ ነው፤ «የሚጠጣው መኪና አይደለም፣ እግር ነው።» እንቁላል እንደ ረገጠ ሰው ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ከኋላው የሚሰለፈው መኪና የቀብር አጀብ ይመስላል። ነፋስ ይጎትታታል ብሎ በነሐሴ ሙቀት መስኮት አያስከፍትም፤ ማቀዝቀዣማ ነውር ነው። አማቱ እማማ ዶና ለብርዱ ወራት በጠርሙስ የሚያሰናዱት የተጠበሰ ቃሪያ እንኳ ከመንደር የሚመጣው በአውቶቡስ ነው። «የጠርሙስ ክብደትም ነዳጅ ይጠጣል» ይላል።

የአውሮፓም ጉዳይ የሱ ነው። አዲስ ሞተር ከዓመት ዓመት መጠጡን እየቀነሰ መምጣቱን፣ ጣሊያኖች ትንሽ መኪና በመውደዳቸው መመስገን እንዳለባቸው፣ ሰሜኖቹ ግን ሞተሩ ያተረፈላቸውን ነዳጅ ከባድ መኪና እየገዙ እንደሚያጠፉት ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያስረዳል። «ተስፋ አለ» ይላል በመጨረሻ፣ «ሰው እግሩን ካቀለለ።»

ዘንድሮ ለፍልሰታ በዓል ከጀርመን የመጣው ታናሽ ወንድሙ ማሊን ሰምቶ ሰምቶ ሲመረው ተወራረደው። በዋዜማው ታንኩ ተሞልቶ ጌንኮ ገዳም ደርሶ ይመለሳል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ከአራት ሊትር ካለፈ እስከ መጪው ፍልሰታ ስለ ነዳጅ ትንፍሽ አይልም። ሰፈሩ፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ለማሊን ጸለየ።

ጌንኮ ወደ ገዳሙ የሚያወጣው ዳገት ሥር ሲደርስ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ቆሟል። እማማ ዶና ለገዳሙ ማዕድ የያዟቸውን የቃሪያ ሣጥኖች ከጎናቸው ደርድረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አለፋቸው። በመስታወቱ ሲያይ በመሀረባቸው ፊታቸውን ያራግባሉ። ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ሂድ ልጄ፣ ውርርድህን ሰምቻለሁ» አሉት።

«ይግቡ እማማ። ሣጥኖቹን እኔ እጭናለሁ።»

ዳገቱ መሐል ላብ ሲያጠምቃቸው አየ። ማቀዝቀዣውን ከፈተው።

ሲመለስ ማደያው ላይ ታንኩ እንደገና ተሞልቶ ሲሰላ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ከአራት ሊትር አልፎ ሄደ። ማሊን በሳቅ ፈረሰ። «ምነው፣ መኪናህን ውኃ ጥም ያዛት?»

«እሷን አትንካት» አለ ጌንኮ። «ዛሬ እግሬ ከብዶ ነው።»

በማግስቱ በገዳሙ ማዕድ ቃሪያውን በላን፤ በምን እንደ መጣም እማማ ዶና ነገሩን። የጸለይንለት ጸጥታ አፋችን ላይ መረረን። ጌንኮ ራቅ ብሎ፣ ቃሉን ጠብቆ፣ ዳቦውን ያኝካል። ማሊን ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«በል ወንድም ጋሼ» አለው፣ «እስቲ ንገረን፤ ባዶዋን ስትሆን ስንት ነው የምትጠጣው?»

ጌንኮ ጉሮሮውን ጠረገ። እኛም ወንበራችንን ጠጋ ጠጋ አደረግን።