የጋሽ ወልዴ ዋስ

በኛ አገር «እገድልሃለሁ» ተብሎ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወዳጅ የሌለው መሆን አለበት። እናት እንኳ ለልጇ በቀን ስንቴ ትለዋለች፤ እሱም ምሳውን በልቶ ይወጣል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። ጉራጌ አገር ተቀምጬ ግን ቅቤ የማያሽለው ነገር አለ ብሎ ማመን ይቸግረኛል።

ሕግ ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት የቀበሌያችን የሰላም ኮሚቴ አባል ሆኜ ወልቂጤ ላይ ስለ ዛቻ ሠለጠንኩ። ዛቻ ስትሰሙ ሰውዬው አቅም አለው ወይ፣ መሣሪያ አለው ወይ፣ ቀን ቆርጧል ወይ ብላችሁ መዝኑ ተባልን። ቡታጅራ የተመለስኩት እንደ ዳኛ እየተራመድኩ ነው።

በማግስቱ አናጢው ጋሽ ወልዴ፣ ጎረቤታቸውን ልብስ ሰፊውን ጋሽ ከድርን «ይሄ ዝናብ ያባራ ብቻ፣ እገድልሃለሁ!» ሲሏቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ጠቡ የከድር ጣሪያ ውሃ የወልዴን ጣውላ አራሰ ተብሎ ነው። መዘንኩ። አቅም? በዚህ ዕድሜያቸው ግንድ ይፈልጣሉ። መሣሪያ? መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ምን የሌለ አለ! ቀን? ዝናቡ ሲያባራ። ከድር ሆስፒታል ሲተኙ ወለል ላይ አንጥፈው ያስታመሟቸው እኚሁ ወልዴ መሆናቸውን ግን መዝን ያለኝ የለም። ለፖሊስ ደወልኩ።

ጋሽ ወልዴ ተያዙ። ቀኑ ዓርብ ከሰዓት፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ፤ ዋስ ካልተገኘ ስኳር በሽተኛው ሽማግሌ እስከ ሰኞ ሲሚንቶ ላይ ሊያድሩ ነው። ያኔ ዋስ ልሁን ብል፣ ጠቋሚ ዋስ አይሆንም ተባልኩ።

ይሄኔ ጋሽ ከድር ኮፊያቸው ተጣሞ፣ በእጃቸው ምሳ ዕቃ፣ በትከሻቸው ጋቢ ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። እኔን ገላምጠው አለፉና ዋሱ እኔ ነኝ አሉ። ወጣቱ ሳጅን ግራ ገባው፤ የተዛተብዎት እርስዎ አይደሉም እንዴ አላቸው። ታዲያ ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል፣ ወላሂ እሱ እዚህ ከሚያድር እኔ ልደርለት ብለው ድርቅ አሉ። ጋሽ ወልዴ ከውስጥ፣ ማን ዋስ ሁን አለው፣ ስወጣ እገድለዋለሁ እያሉ ይጮኻሉ፤ እየጮኹ ግን ያለቅሳሉ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ምን ላድርግ?

ሳጅኑ የዋስን ግዴታ በትዕግሥት አስረዳ። ሰውዬው ያሉትን ቢፈጽሙ ተጠያቂው ዋሱ ነው፤ እሺ አባቴ፣ ቢገድሉዎትስ ማንን ልንይዝ ነው?

ጋሽ ከድር ተቆጡ። «እኔን ነዋ! ዋሱ እኔ አይደለሁ?»