የሰፈሩ ዓይን ጠባቂ

በየሰፈሩ ሰውነታችሁን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። የት እንደሚያማችሁ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚያማችሁ፣ በየትኛው ያለፈ ሕይወታችሁ በሠራችሁት ጥፋት እንደመጣባችሁ ጭምር ይነግራችኋል፤ ያውም ሳትጠይቁት። በእኛ መንገድ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ዊማላዳሳ ናቸው። ከኬጋሌ ኮሎምቦ በሚመላለሰው አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ አሁን የሰው ገላ በነፃ ይመረምራሉ።

መምህርት ኩሱማን ጥርሷን የሚያማት ባለፈው ሕይወቷ ውሸት ስላበዛች ነው። የዳቦ ሻጩ ጉልበት የተበላሸው እንቁራሪት ስለረገጠ ነው። የእኔ ራስ መመለጥ ሲጀምር ግን ምርመራው ጊዜ ወሰደባቸው። ዙሪያዬን ዞሩና «አንተ በመነኮሳት ስቀሃል» አሉኝ። «በተላጨ ራሳቸው። በቃ፣ ግልጽ ነው።» የራሳቸው ቦርጭ ከምን እንደመጣ ስጠይቃቸው ምንም ሳይደነግጡ መታ መታ አደረጉት። «ይሄማ ልግስና ነው። ለስንቱ ሩዝ ብሰጥ ነው እንዲህ የመጣልኝ!»

ዋናው ሥራቸው ግን ዓይን ነው። እዚህ ሰው ሲሞት ዓይኑን ለማያይ ሰው ከሰጠ ለሚቀጥለው ሕይወቱ ትልቅ ስንቅ ያዘ ማለት ነው። ጋሽ ዊማላዳሳ መንገዱን በሙሉ ቃል አስገብተዋል። አንዴ ቃል ከገባችሁ በዓይናችሁ ላይ ሥልጣን የላችሁም። ብረት በያጁ ያለ መነጽር ሲሠራ ካዩት ከመንገዱ ማዶ ይጮሁበታል፤ «ኧረ ተው! የሰው ዕቃ ነው የያዝከው!» ሽንኩርት እየከተፈች የምታለቅስ ሙሽራ እንኳ ከተግሣጻቸው አታመልጥም።

እምቢ ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠዋት ሻዬን ይዤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ ገዢ በግ እንደሚያይ ዓይኔን ያዩታል።

«እህ፣ ዛሬስ?»

«ጋሼ፣ ስለ ሞቴ ከቁርስ በኋላ ብናወራ ምናለበት?»

«ቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሣለውን ንጉሥ አይተኸዋል? በቁሙ ነው ዓይኑን አውጥቶ ለዓይነ ስውር ለማኝ የሰጠው። አንተ ከሞትክ በኋላ ነው የምትጠየቀው፤ እሱም ከበደህ!»

«በሚቀጥለው ሕይወቴ ሳላይ ብወለድስ?»

«የሰጠማ የተሻለ ነው የሚያገኘው። ይሄን መነጽርህን ራሱ ትገላገለዋለህ።»

እንዲህ ስንጨቃጨቅ የማንጎ ወቅት ደረሰ። የማንጎዬ ቅርንጫፍ ወደ ግቢያቸው አይደርስም። እሳቸው ናቸው በርጩማ ላይ ቆመው፣ በአጥሩ ላይ አልፈው ወደ ቅርንጫፉ የደረሱት። ጎትተው የለቀቁት ቅርንጫፍ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይናቸውን ጫረው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሲድንም ነጭ ጠባሳ ጥሎ ብርሃኑን ጋረደው። ግራው ድሮም ደካማ ነበር። የመንገዱን ዓይን ሁሉ ሲጠብቁ የኖሩት ሰው የራሳቸውን በር በእጃቸው መዳሰስ ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት። ሻዬን ስጠጣ ዓይኔን የሚያይልኝ ሰው ጠፋ፤ ሻዩም አልጥም አለኝ።

አንድ ቀን ባለቤታቸው እትዬ ሱማናዋቲ ከሆስፒታል ደወሉልኝ። አንድ ሰው አርፎ ዓይኑ ተሰጥቷል፣ ለጋሽ ዊማላዳሳም ሊደርሳቸው ነው። «ቶሎ ና፣ አንተን ይፈልጋል» አሉኝ። ስደርስ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል።

«እስቲ አሁን እኔ የሰው ዓይን መውሰድ ይገባኛል?» አሉ ድምፄን ሲሰሙ። «ዓይኔ የጠፋው ምን ስሠራ ነው? ያልተሰጠኝን ልወስድ ስል አይደለም?»

«ማንጎው አልተሰጠዎትም፤ ዓይኑ ግን ተሰጥቶዎታል» አልኳቸው። «ሟቹ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ካጣ ምኑን ሰጠው? የሰውዬውን ስንቅ ሊያበላሹበት ነው?»

ብርድ ልብሱን እስከ ራሳቸው ሳቡት። ሃያ ዓመት ሙሉ ክርክር ሲተዉ አይቻቸው ስለማላውቅ ፈራሁ። እምቢ ብለው እንዲሁ ሳያዩ ቢቀሩስ?

«ጋሼ፣ ይቀበሉ እንጂ! እርስዎ ይሄን ከተቀበሉ እኔም የእኔን ለመስጠት ቃል እገባለሁ።»

ሽው ብለው ዞሩ። አያዩም የተባሉት ሰውዬ እጄን ያለ ስህተት አገኙት።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«ሰማሽ አይደል?» አሉ ለባለቤታቸው።

የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ ተፈትቶ ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ እትዬ ሱማናዋቲ ሻይ እየቀዱልኝ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሲጨነቅ እንቅልፍ አጥቶ ማደሩ እውነት ነው። ግን አንተ ከመምጣትህ በፊት ለሐኪሙ እሺ ብሎት ነበር።»

«ጋሼ! ዋሽተውኛል!»

«ምን ብዬ? ይገባኛል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። መጠየቅ ውሸት ነው?»

ዓይኑ የማን እንደነበረ አይነገርም። ክቡርነታቸው ግን የጨዋ ሰው መሆኑን መርምረው ስለደረሱበት በክብር ይይዙታል። ከዓሣ ሻጩ ጋር ዋጋ ሲከራከሩ ቀኙን ይጨፍናሉ። ማንጎዬን ሲያዩም ቀኙን ይጨፍናሉ፤ «እሱ እንዲህ ያለ ነገር አልለመደም» ይላሉ። በደካማው ዓይን ብቻ ስለሚሰርቁ ዘንድሮ የሚወስዱት ሁሉ ጥሬ ነው።

ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ። ቃል ስለገባሁ ዓይኔን መመርመር አሁን መብታቸው ነው፤ እኔም መነጽሬን አውልቄ እጠብቃቸዋለሁ። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም ነበር። እኔን ሲያዩ የሚጨፍኑት ግራውን ነው።