ገዳዩን የሳተው ሒስ

በእኛ አገር የወንጀል ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ከገጸ ባሕሪያቱ ሁሉ ቀድሞ የሚጠረጠረው እሱ ራሱ ነው። ስለ ፍቅር የጻፈው «ደራሲ» ይባላል፤ ስለ ግድያ የጻፈው ደግሞ «ጊዜ ማሳለፊያ የሚሞነጫጭር»። ፈራጆቹም ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሚወዱን ጓደኞቻችንና ሳያነቡ የሚንቁን። በእነዚህ መሃል ስም ማትረፍ ምን ያህል እንደሚቀል እናንተው ገምቱት።

እኔ ኮተቤ አማርኛ የማስተምር የካራ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ መጽሐፌ እንደወጣ የልብ ጓደኛዬ ታደሰ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ «በአገራችን እንዲህ ያለ ተጽፎ አያውቅም» አለ። ጓደኛዬ ስለሆነ አላመንኩትም። ውሸቴን ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አምኜው ነበር። ከዚያ አንድ ስመ ጥር ሐያሲ ጋዜጣ ላይ ብቅ አለና «ገዳዩ ዘበኛው መሆኑ ከመጀመሪያው ገጽ ያስታውቃል፤ ርካሽ ሥራ ነው» ብሎ ፈረደብኝ።

ዘበኛው እኮ ገዳይ አይደለም። ምዕራፍ ሦስት ላይ የሚገደለው እሱ ነው!

ግን ማን ይሰማኛል? ሐያሲው ስም አለው። መጽሐፍ ሻጮች ቅጂዎቹን መለሱልኝ፤ የሥራ ባልደረቦቼም ገና ከበር ሲያዩኝ «ዘበኛው ደህና ነው?» ይሉኝ ጀመር። የጀመርኩትን ሁለተኛ መጽሐፍ ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት። በቃኝ።

አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ወይዘሮ አስካለ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የፖሊስ መርማሪ ነኝ። ስልክህን ከመጽሐፍህ ጀርባ አግኝቼ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ብትመጣ?» መርማሪ ሲጠራው የማይደነግጥ ሰው ካለ ያስተዋውቁኝ።

ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ያለው መጽሐፌ ዳር ዳሩ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል።

«ጋዜጣውን አይቼ ነው የገዛሁት» አሉኝ። «ዘበኛውን ስጠብቅ ሞቶ ቁጭ! ብቻዬን ሳቅሁ። ልጄ፣ በሥራ ዘመኔ ከምንም በላይ ያስቸገረኝ ያላየውን አየሁ የሚል ምስክር ነው።»

ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። «ጓደኛዬም እኮ ሬዲዮ ላይ...»

«ሰምቼዋለሁ፤ እሱም ያው ነው» ብለው አቋረጡኝ። «የወዳጅ ምስክርነት ምን ዋጋ አለው?»

ከዚያ ገጽ በገጽ ያዙኝ። «እዚህ ጋ መርማሪህ ቢላዋውን በባዶ እጁ አነሳው። አሻራውን አጠፋው እኮ!» ጥቂት ገጾች ገለጡና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የሟቹን እናት ሳነብ ግን አለቀስኩ። እንዲህ ያለችን እናት ቤቷ ድረስ ሄጄ አርድቻለሁ።»

ወቀሳና ምስጋና በገጽ ቁጥር ሲሰጥ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ወደ ካራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ። ቤት እንደገባሁም ወንበር ላይ ወጥቼ ረቂቄን አወረድኩት።

ሁለተኛው መጽሐፍ ታተመ። የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤላቸው ሄድኩና «እባክዎ፣ ጋዜጣ ላይ አንድ ነገር ቢጽፉልኝ?» ብዬ ለመንኳቸው።

ፈገግ አሉ። «አሁንማ ወዳጅህ ሆኛለሁ፤ እኔም አልታመንም።»

ይኸው እስካሁን ስለ መጽሐፉ የጻፈ የለም። ቅር ይለኛል፤ አልዋሽም። ግን እኚያ ሴት ከዳር እስከ ዳር አንብበውኛል፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ስንቱ ደራሲ ይህን አግኝቷል?