ዕቃውን የሚያማ ነጋዴ

ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን ያሞግሳል የሚል ሰው ከተማውን ገና ዞሮ አልጨረሰም። የትም ሂዱ የት፣ ዕቃውን በደንበኛው ፊት የሚያማ አንድ ነጋዴ አይጠፋም። እናንተም ሳታገኙት አትቀሩም። «ይህ ጫማ ይጠብዎታል፤ ይቅርብዎ» ብሎ ባዶ እጃችሁን የሸኛችሁ እሱ ነው። ያን ዕለት እየተነጫነጫችሁ ወጣችሁ። በሌላ ጊዜ ደግሞ እናታችሁን ይዛችሁ ተመለሳችሁ።

የዚህ ወገን አለቃ ክቡር አቶ እንከን ናቸው። የቤት ዕቃ ያሠራሉ፣ ይሸጣሉ፤ ከፊት ማሳያ ክፍል፣ ከኋላ አናጺ ቤት አላቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቁት ግብር ሰብሳቢውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው ይባላል። ለሌላው ሰው ሁሉ አቶ እንከን ናቸው፤ ምክንያቱም ሌላው ነጋዴ «ምን ልታዘዝ?» በሚልበት ቦታ እሳቸው «እንከኑን ልንገርዎት» ይላሉ። እንከኑ የሚነገረው ደግሞ በሹክሹክታ አይደለም። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ቀጥ ብለው ቆመው ነው።

በዚህች ዐረፍተ ነገር ምክንያት መከራዋን ያየች ሰው ብትኖር የእህታቸው ልጅ ናት። የሽያጭ ትምህርት ተምራ፣ በማዕረግ ተመርቃ፣ በአጎቷ ቤት የሽያጭ ኃላፊ ሆና ተቀጠረች። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «እኔ ደንበኛ አስገባለሁ፤ ጋሼ ያስወጣል» ትላለች።

አንድ ቀን ለመጋባት የተዘጋጁ ወጣቶች ቁም ሣጥን ሊገዙ መጡ። ልጅቷ እየከፈተች እየዘጋች፣ እያስዳሰሰች አሳየቻቸው። ሙሽሪት መስተዋቱ ፊት ቆማ ፀጉሯን አስተካከለች፤ ይህ በሽያጭ ትምህርት «አለቀ» ማለት ነው። በዚህ መሐል አቶ እንከን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንከኑን ልንገራችሁ። ክረምት ሲገባ በሩ ያብጣል። አይዘጋም።»

«እንዴት አይዘጋም?» አለች ሙሽሪት።

«እንጨቱ እርጥበት ይጠጣላ! ገፋ አድርገሽ ከዘጋሽው ደግሞ አይከፈትም። ልብስሽ እዚያው ይከርማል።»

«ታዲያ ለምን ትሸጡታላችሁ?»

«እኔስ የምለው እሱን አይደል!» አሉ አቶ እንከን፣ በመጨረሻ ሐሳባቸውን የሚረዳ ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው።

ሙሽሮቹ ወጡ። ልጅቷ ራሷን ይዛ አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ልትቀመጥ ስትል «እሱ ላይ አትቀመጪ፤ ኮላው አልያዘም» አሏት።

ሙሽሮቹ የሄዱት ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ነው። የላኳቸውም አቶ እንከን ናቸው፤ «የእሱ በር አያብጥም» ብለው። የማዶው ባለሱቅ አቶ እንከንን ከሩቅ ሲያያቸው ባርኔጣውን ያነሣል። «ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» ይላቸዋል። «እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ሻጭ መቅጠሬ ነበር።»

የሬዲዮ ማስታወቂያው ጊዜማ ሌላ ጉድ ነበር። ልጅቷ የጻፈችው «ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ሶፋ!» የሚል ነው። አቶ እንከን ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን ሰቀሉ።

«የትኛው ትውልድ?»

«ጋሼ፣ አባባል ነው እኮ።»

«ስፖንጁ እኮ ልጆች ካልዘለሉበት ነው የሚቆየው። ልጅ የሌለበት ትውልድ ደግሞ አይተላለፍም።»

በማግስቱ በሬዲዮ የተነገረው «በሥርዓት ከተቀመጡበት ደህና ጊዜ የሚያገለግል ሶፋ» የሚል ሆነ። አስተዋዋቂው መሐል ላይ ሳቁ አምልጦት ሙዚቃ ለቀቀ። የሚያናድደው፣ ሶፋው ተሸጦ አለቀ። ልጅቷ ይህን ለአስተማሪዎቿ ብትነግራቸው ዲፕሎማዋን የሚነጥቋት ስለመሰላት ለማንም አልተናገረችም።

ለጎረቤት ያላቸው አሳቢነትም ከዚህ አይተናነስም። ሰጋቱራውን ዶሮ ለሚያረቡ ጎረቤት በነፃ ይሰጣሉ፤ ግን አስቀድሞ ማግኔት ይዞርበታል። «ዶሮ መርጦ አይገዛም» ይላሉ፤ «የበተንክለትን ነው የሚጭረው። ሚስማር ብንሰጠው ማን ጋ ሄዶ ይከሰናል?» አንድ ጊዜ ደግሞ ከአናጺ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ ሕፃን ተወለደ። አቶ እንከን የሰው ልጅ እንቅልፍ በእኛ ሥራ አይታወክም ብለው፣ ከምሳ በኋላ ሕፃኑ እስኪነቃ የመላጊያው ማሽን እንዲቆም አዘዙ። ሕፃኑ ዳዴ አለ፤ ትምህርት ቤት ገባ፤ ዛሬ ጢሙን አቀምቅሞ ሞተር ብስክሌት ይነዳል። ትእዛዙን የሻረ ስለሌለ ማሽኑ አሁንም ከምሳ በኋላ ይቆማል። አናጺዎቹም ነገሩን ለማስታወስ አልቸኮሉም። በዚያ ሰዓት ሰጋቱራው ላይ ጋደም ብለው የሚያንኮራፉት እነሱ ናቸው።

እንዲህ ሲኖር ሲኖር ገበያው ቀዘቀዘ። ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ከሰው ይልቅ ዝንብ ይመላለስ ጀመር። አቶ እንከን አናጺዎቹን ሰብስበው የራሳቸውን ድርጅት እንከን ነገሯቸው፤ ትልቅ ሥራ ካልተገኘ ከመሐላቸው ግማሹ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው።

«ጋሼ» አለ ዋና አናጺው፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ድረስ ግን የልጆቼን ጉሮሮ ማን ይደፍነዋል? እባክዎ ይህን ወር ብቻ ዝም ይበሉልን።»

«እሞክራለሁ» አሉ አቶ እንከን፣ ሐኪም ጨው እንዲተው እንዳዘዘው ሰው በቀጭን ድምፅ።

ልጅቷ በየቢሮው ስትንከራተት ሰንብታ አንድ ሥራ ይዛ መጣች። አንድ ትልቅ የሣሙና ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ሕፃናት ማቆያ ሊከፍት ነው፤ ስድሳ ትንንሽ አልጋዎች ይፈልጋል። የአልጋውን ሥዕል ልኮ አናጺዎቹ ለናሙና አንዲት ሠርተውለታል። ይህ ሥራ ከተገኘ ከአናጺዎቹ አንድም አይቀነስም። ለመዋዋል የመጣው ሰው የሥራ መደቡ ረዥም ነበር፤ «የድርጅቱ የማኅበራዊ ኃላፊነት ክፍል ኃላፊ» ይባላል። አናጺዎቹ ወዲያው አሳጥረው «የኃላፊነት ኃላፊ» አሉት። ደረቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ዓርማ ለጥፏል። ያመጣው መጽሔት ስለ ድርጅቱ በጎ ሥራ የሚናገር ሲሆን፣ በየገጹ በጎ ሥራው አጠገብ የቆመው እሱ ራሱ ነው።

«አልጋዎቹ አረንጓዴ ይቀባሉ፤ የዓርማችን ቀለም ነው» አለ። «ወር ሲያልቅ ታስረክቡናላችሁ፤ በማግስቱ ምርቃት ነው። ልጆቹ ይተኙባቸውና ፎቶ እናነሣለን።»

ልጅቷ የአጎቷን እግር ረገጠች። አቶ እንከን እግራቸውን ሰብስበው ጣራ ጣራውን አዩ። ዋና አናጺው ከበሩ ሥር ሆኖ በዓይኑ ለመናቸው። ግንባራቸው ላብ አወጣ። ዝም አሉ፤ በዚያ ቤት ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ፣ ውል እየተነበበ ዝም አሉ። ልጅቷ እስክሪብቶ አቀበለች። ያኔ የአቶ እንከን ጉሮሮ በገዛ ፈቃዱ ራሱን ጠረገ።

«እንከኑን ልንገርዎት። ይህ ቀለም በእጅ ሲነካ ቢደርቅም ሽታው ቶሎ አይለቅም። ሁለት ሳምንት ነፋስ ካላገኘ ሕፃን አይተኛበትም፤ ደረቱን ይይዘዋል።»

«መስኮት እንከፍታለን።»

«ሕፃኑ አፍንጫው ያለው መስኮቱ ላይ አይደለም እኮ፤ አልጋው ላይ ነው።»

«ጋሼ!» አለች ልጅቷ።

«አባቴ፣ ለፎቶ ያህል ነው» አለ የኃላፊነት ኃላፊው። «ትንሽ ጋደም ብለው ይነሣሉ።»

«ልጅ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ይታወቃል። የተኛ ልጅ ሲሉት አይነሣም፤ ተነሥ የተባለ ልጅ አይተኛም። ይልቅ ሳይቀባ ይውሰዱት። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን እንሰጥዎታለን።»

«ያልተቀባ አልጋ ፎቶ ላይ ምን ይመስላል?»

«አልጋ» አሉ አቶ እንከን።

የኃላፊነት ኃላፊው መጽሔቱን ሰብስቦ ተነሣ። ድርጅቱ ለኅብረተሰቡ የሚያደርገውን በጎ ሥራ እንዲህ የሚያደናቅፍ ሰው አይቶ እንደማያውቅ፣ ከተማው ውስጥም አናጺ እንደሞላ ተናግሮ ወጣ።

ልጅቷ እሳት ሆነች።

«አንድ ወር! አንድ ወር ዝም በል ነው ያልንህ!»

«ሞከርኩ እኮ።»

«ለሣሙና ፋብሪካው ልጆች ታስባለህ! የእነዚህ ሰዎችስ ልጆች? እነሱ ደረት የላቸውም? ሆድ የላቸውም? ነገ አናጺዎቹን ስታሰናብት የማንን እንከን ልትነግራቸው ነው?»

አቶ እንከን መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። መወልወሉ ረዘመ።

«ይሄም እንከን ነው» አሉ በመጨረሻ። ወደ አናጺ ቤቱ ሲገቡ ትከሻቸው ወረድ ብሎ ነበር። ልጅቷም ይህን ስታይ የበለጠ ተናደደች፤ ሰው እየተናደደበት የሚያሳዝን ሰው አብሻቂ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ለማንም ሳትነግር ወደ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሄደች። የምትናገረውን መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ ነበር፤ አጎቷ አርጅቷል፣ የድሮ ቀለም ከአሁኑ ተምታቶበታል፣ ሽታው በሁለት ቀን ይጠፋል። ሦስት አጫጭር ውሸቶች። ለአናጺዎቹ ሲባል አንዱም ከባድ አልነበረም።

ዋና ሥራ አስኪያጇ ጠና ያሉ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው። ወንበር አሳይተዋት «ኃላፊያችን አጎትሽ ሥራ አይፈልግም አለኝ» አሏት።

«ኧረ ይፈልጋል!»

«የቀለሙ ሽታ ነገርስ? እውነት ለልጅ አይሆንም?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። የመጀመሪያው ውሸት ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ከእሱ በፊት ግን ጉሮሯን ጠረገች። የራሷን ድምፅ ሰምታ ደነገጠች፤ በሽታው በዘር እንደሚተላለፍ የነገራት ሰው አልነበረም።

«እውነት ነው» አለች። «ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሌላም አለ። ኃላፊው ቶሎ ስለተነሣ አጎቴ አልደረሰበትም እንጂ፣ በሥዕላችሁ ላይ ያለው የአልጋው አጥር አጭር ነው። የሚገለባበጥ ልጅ ይወድቃል።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ አልጋ ልትሸጪ ነው የመጣሽው ወይስ ልትከሺው?»

«እኔም እንጃ» አለች፤ እንባዋ ቀርቦ ነበር።

«ከምሳ በኋላ ራሴ መጥቼ አያለሁ።»

ከምሳ በኋላ! ልጅቷ ሌላ ሰዓት ይሁን ለማለት አፍራ ተመለሰች። ሴትዮዋም መጡ። አናጺ ቤቱ ሲከፈት ማሽኑ ቆሟል፤ አናጺዎቹ ሰጋቱራው ላይ ተጋድመው ያንኮራፋሉ።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«ቀስ ይበሉ፤ ወዲያ ማዶ ሕፃን ተኝቷል» አሉ አቶ እንከን በሹክሹክታ። በዚያው ቅጽበት ሕፃኑ ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ፣ ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

ሴትዮዋ ግን አልሄዱም። ለናሙና ከተሠራችው አልጋ ፊት ቆመው «በሉ የዚህችን እንከን ሁሉ ይንገሩኝ» አሉ። ይህን ሥራ ከያዙ ጀምሮ አቶ እንከንን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። መነጽራቸውን ሰቅለው ከእግሯ ጀምረው እስከ ራስጌዋ ዘመቱባት። ሴትዮዋ እየጎነበሱ ተከተሏቸው። የአልጋዋ እንከን ተነግሮ ሲያልቅ ሴትዮዋ ቀና አሉ።

«ሥራውን በኃላፊነት የሚከታተለው ማነው?»

«እሷ ናት» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እህታቸው ልጅ እያመለከቱ።

«የእሷስ እንከን ምንድን ነው?»

ልጅቷ እንከኗን ታውቀዋለች፤ እሳቸውም ሳይጠረጥሩ እንደማይቀሩ ታውቃለች። አቶ እንከን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ እሷ ዞረው ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ መለሱት።

«ስለ እሷ እኔን አይጠይቁኝ» አሉ። «የእህቴ ልጅ ናት። አዳላለሁ። የምነግርዎትን አይመኑት።»

አንድ አናጺ ማንኮራፋቱን አቆመ። ሴትዮዋ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በሙሉ አፋቸው ሳቁ።

«እንግዲያው ሥራው የእናንተ ነው» አሉ። «አጥሩ ከፍ ይበል፣ ሽታው ይውጣ፣ ምርቃቱም እስከዚያው ይጠብቃል። የእኔ ኃላፊ ለፎቶ ከቸኮለ እሱ ራሱ ይተኛበት።»

ተኝተው የነበሩት አናጺዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ነቁ። ዋና አናጺው ሰጋቱራውን ከፀጉሩ እያራገፈ ሴትዮዋን እስከ መኪናቸው ሸኘ። ልጅቷ ከአጎቷ ጋር ብቻዋን ቀረች።

አቶ እንከን በሩን ገርበብ አደረጉ።

«እንግዲህ ሴትዮዋ ሄደዋል» አሉ። «አንደኛ፣ ጠዋት ጠዋት ታረፍጃለሽ።»

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እሺ ጋሼ።»

«ሁለተኛ፣ ሲጨንቅሽ የሰው እግር ትረግጫለሽ።»

«እሺ።»

«ሦስተኛ፣ ዛሬ ጠዋት ፋብሪካው ጋ ምን ልትዪ እንደሄድሽ ጠፍቶኝ አይደለም።»

ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ወደ እሷ አላዩም፤ ትንሿን አልጋ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ይዳስሳሉ።

«ያልሽውንም ሴትዮዋ በስልክ ነግረውኛል» አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ፤ ጉሮሯቸውን መጥረግ ግን አልፈለጉም። «ወደ አራተኛው እንለፍ።»