የሆመቾው አንቴና ከሩቅ አላስገባም ሲል

እስቲ አንዴ አርፋችሁ ተቀመጡ! ያንን ወንበር የምታንጓጓም ተው፤ ሰሚራ እየጻፈች ነው። የወንድሜ ልጅ ናት፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ በስልኳ ትከትባለች። ቆንጆ አድርገሽ ጻፊ ሰሚሬ፣ ግን እኔን አታሳምሪኝ።

አሁን አሁን ሁሉ ነገር ከሩቅ ሆኗል። ሰርግ ከሩቅ፣ ሽምግልና ከሩቅ፣ "እንዴት አደርሽ" እንኳን ከሩቅ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ነው ያደግነው፤ ጎረቤቱም ሩቅ ሲሆን ምን ይባላል? እዚህ ሆሳዕና ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቴ ጨው ሲያልቅባት ቴክስት ነው የምትልክልኝ። እኔም "አለ፣ ነይ ውሰጂ" ብዬ እጽፍላታለሁ። ማንን ልውቀስ?

የእህቴ ልጅ ከድር እንጀራው ከዚሁ ከሩቅ ነገር ነው። ከሆሳዕና ሆመቾ ድረስ ኢንተርኔት በአንቴና ያደርሳል። የሆመቾው አንቴና የተተከለው የልጅነት ጓደኛዬ የዘይነባ ጣሪያ ላይ ነው። ባሏ ሱልጣን፣ አላህ ይዘንለት፣ "ልጁ ይሥራበት" ብሎ ሰጠው። ሱልጣን ሲሞት አገር ሁሉ ሄዶ ለቅሶ ተቀመጠ። ከድርስ? ከድር ሥራ በዝቶበት ለዘይነባ ደወለ። "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እማማ" አለና ዘጋ። ለቅሶ መድረሱ ነው፣ በሱ ቤት።

የሱልጣን ሰደቃ፣ ለነፍሱ ዱዓ የሚደረግበት ድግስ፣ ደረሰ። አንድ ልጃቸው ሙዲን ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ የመኖሪያ ወረቀት የለውምና መጥቶ አባቱን መቅበር አልቻለም። "ዱዓውን እንኳን በቪዲዮ ልይ" ብሎ ለመነ። ዘይነባም ያንን ቀን እንደ ዒድ ጠበቀችው። ከድር ታዲያ ቪዲዮው እንዳይቆራረጥ ብሎ፣ በዋዜማው፣ እዚሁ ሆሳዕና ቁጭ ብሎ አንቴናውን አፕዴት አደረገው። ፈርምዌር ይሉታል፤ የዕቃው የውስጥ አእምሮ ነው። አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ሰጠው። ቅንድብ ሊኩል ዓይን አጠፋ!

አንቴናው አዲስ አእምሮ ሲያገኝ እንደ አዲስ ሹም አደረገው። ሆመቾ ዋይፋዩ ጠፋ። ከድር ከዚህ ገብቶ ሊያበራው ቢል፣ እምቢ።

"አክስቴ፣ ስጠራው አቤት ይላል፣ በር ግን አይከፍትም" ይለኛል።

ፓስወርዱን ደጋገመ፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛውን ጠየቀ። "አዲሱ ሶፍትዌር የሩቁን መግቢያ ራሱ ይዘጋዋል። እዚያው ሄደህ፣ ገመድ ሰክተህ፣ ከውስጥ ካልከፈትከው አይሆንም" አለው።

ላብ በላብ ሆነ። መንገዱ አይደለም ያስጨነቀው፤ ሚኒባስ ሞልቷል። ለቅሶ ያልተቀመጡበት ቤት ገብቶ መሰላል መጠየቅ ግን በኛ አገር ነውር ነው። እሱም ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በስልክ ሊያመልጥ ሞከረ።

"እማማ፣ አንድ ሰው ጣሪያ ወጥቶ እኔ እያልኩት ቢነካካልኝ..."

"ማን ልበል?"

"ከድር ነኝ።"

"አሃ፣ በስልክ ለቅሶ የደረሰው! አሁን ደግሞ በስልክ ጣሪያ ልትወጣ ነው?"

አጠገቡ ነበርኩ፤ ሳቄ አመለጠኝ። ፊቱን ሳየው ግን አሳዘነኝ። ክፉ ልጅ እኮ አይደለም፣ የዘመኑ ልጅ ነው። "ጠዋት አብረን እንሄዳለን" አልኩት።

ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ከድር ላፕቶፑን በጀርባው አንግቶ፣ ገመዱን በእጁ ይዞ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። ዘይነባ ምንጣፉን መታ መታ አደረገችለት። ተቀመጠ። በየመሃሉ ስልኳ ይጮሃል፤ ሙዲን ነው፣ በዚያ እየተቆራረጠ በሚመጣው የሞባይል ዳታ "እማ፣ ተጀመረ?" እያለ ይጽፋል። እሷም ልቧ እየተቃጠለ ነው፤ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከድር ሰዓቱን ያያል፣ ደግሞ መሬቱን ያያል። ቆይቶ ቆይቶ "ጣሪያውን የሰጠኝ እሱ ነበር እኮ" አለና አለቀሰ። የምር ለቅሶ! እሷም አብራው አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ "በል ውጣ፤ ልጄን አምጣልኝ" አለችው።

ወጣ። ገመዱን ሰካ፣ ገባ። ሼኹ ዱዓውን አቆይተው አገር ምድሩ ወደ ላይ አንጋጧል። ድንገት የዘይነባ ስልክ በራ፤ ሙዲን! ፊቱ ጥርት ብሎ! "እማ!" አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ እኔን አትጠይቁኝ፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

ከድር ከጣሪያው ሳይወርድ ጮኸ፤ "እማማ፣ የሩቁንም መግቢያ ልክፈተው? ሁለተኛ እንዳላስቸግርሽ!"

"ተወው፣ ይዘጋ" አለች። "ሲበላሽ ትመጣለህ።"

ምን ያድርግ፣ ተወው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ያ አንቴና ጤና የለውም። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ይጠፋል። ከድር ይሄዳል፣ ሲደርስ በርቶ ያገኘዋል፣ ምሳውን በልቶ፣ ከዘይነባ ጋር አውርቶ፣ ግራ ገብቶት ይመለሳል። ባለፈው አብሬው ሄድኩና ቀደም ብለን ደረስን። የዘይነባን ትራስ ደገፍ ብል የሚቆረቁር ነገር፤ እጄን ብሰድ ተነቅሎ የተደበቀ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ያ የአንቴናው መሰኪያ...

ማነው በር የሚደበድበው? መጣሁ! መጣሁ እኮ! ምነው፣ መንደሩ ተቃጠለ? ሰሚራ፣ ይህችን አትጻፊያት፤ ከድር ካነበባት ዘይነባ ጁምዓ ጁምዓ ከማን ጋር ምሳ ልትበላ...