ፈቃድ ለማያሻው መጽሐፍ የተሰጠ ፈቃድ

በ2004 ዓ.ም. መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከትሕትናው የተነሣ ስሙ እንዲጠቀስ የማይፈልግ አንድ የጤና ማሠልጠኛ ነበር። ማሠልጠኛው ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት ነበረው፤ ሦስቱም በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፈዋል። ያልነበረው መጽሐፍ ነው። ለአዋላጅ ነርስ ተማሪዎች የሚታደለው ጽሑፍ ከፎቶኮፒ ላይ ፎቶኮፒ ሲነሣ ስለኖረ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እንዴት እንደሚቆም የሚያስረዳው ገጽ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ተማሪዎቹ ገጹን በአክብሮት ገልጠው ያልፉት ነበር።

መምህራቸው ሲስተር ፈውዚያ ግን ማለፍ አቃታት። ሃያ ሁለቱ ተማሪዎቿ ሰኞ ለልምምድ ወደ ከላላ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፤ እዚያ ደግሞ ደም የሚፈሳት እናት መንገድ እስኪጠገን አትጠብቅም። ስለዚህ ደሴ ለስብሰባ በሄደችበት ከኢንተርኔት ቤት አንድ መጽሐፍ በፍላሽ ይዛ መጣች። የውጭ አገር አዋላጆች ጽፈው ለዓለም በነፃ የለቀቁት ነው። ሁለተኛው ገጽ፣ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ሊያባዛውና ለአገሩ እንዲስማማ አድርጎ ሊያሻሽለው እንደሚችል ይናገራል፤ የጸሐፊዎቹ ስም እንዳይቀር ብቻ ይለምናል። ፈውዚያ የደሙን ምዕራፍ ከነሥዕሎቹ፣ ሁለተኛውንም ገጽ ጨምራ፣ በቀላል አማርኛ አዘጋጀችና ወደ ዲኑ ገባች፤ በተቋሙ ፎቶኮፒ ማሽን ያለ ዲኑ ማህተም አንድ ወረቀት አይባዛምና።

ዲኑ አቶ ብዙአየሁ ማህተማቸውን ከደረት ኪሳቸው የማይለዩ ጠንቃቃ መሪ ናቸው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ።

«ፈቃድ አያስፈልገውም። ይኸው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ፈቃድ አያስፈልግም የሚለው ማህተም አለው?»

«የለውም።»

«ቁጥርና ቀንስ?»

«ከኢንተርኔት የመጣ ነው እኮ፣ አቶ ብዙአየሁ።»

«እንግዲያው ፈቃድ እንደማያስፈልግ በሚመለከተው አካል አልተፈቀደም። ደግሞስ ሰው ልፋቱን በነፃ የሚሰጠው ምን ፈልጎ ነው?»

ጉዳዩን የሚያጣራ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በዚያው ዕለት ተቋቋመ። ኮሚቴው በሚያስመሰግን ፍጥነት ሁለት ቀን ተሰብስቦ፣ በነፃ መስጠቱ ከኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት የጸዳ ስለመሆኑ ጸሐፊዎቹ በደብዳቤ እንዲያረጋግጡ፣ መልሱ እስኪመጣም ፍላሹ ታሽጎ ካዝና እንዲገባ ወሰነ። ደብዳቤው በአማርኛ ተጽፎ ለስድስት መሥሪያ ቤቶች ግልባጭ ተደረገ። አድራሻው «ለሚመለከተው ሁሉ፣ ውጭ አገር» ይላል።

ዓርብ ጠዋት ፈውዚያ በመምህራን ክፍል ኮምፒውተር ላይ የቀረውን ምዕራፍ ከፍታ ሁለተኛውን ገጽ እንደገና አነበበች። ለአገሩ እንዲስማማ ማሻሻል ይቻላል ይላል። ለአገሩ የሚስማማውን ታውቀዋለች። ሽፋን ጨመረችበት፤ በሽፋኑ ላይ የዲኑን ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ ሥር «በአቶ ብዙአየሁ መሪነት የተዘጋጀ» የሚል፣ ቀጥሎም የለውጥ ሠራዊትን ሰባት ጊዜ የሚያነሣ መቅድም። «አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች፤ ከልቧ አፍራ ነበር።

ዲኑ ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አሁን ገና መልክ ያዘ» አሉና ከምሳ በፊት ሽፋኑ ላይ ማህተማቸውን አሳረፉ። ለሃያ ሁለቱም ተማሪዎች፣ ለዲኑና ለፈውዚያ አንዳንድ ቅጂ ከሰዓት ተባዛ። ማታ ላይ ዲኑ የራሳቸውን ሲያገላብጡ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቁ፤ ገጹም ወጥቶ «ያለ ዲኑ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስጠይቃል» በሚል እንዲተካ አዘዙ። ገጹ የተተካበት የዲኑ ቅጂ ወደ ካዝናው ገባ። የቀሩት ግን በተማሪዎቹ ሻንጣ ውስጥ ነበሩ፣ ሰኞም ከላላ ገቡ።

በሁለተኛው ሳምንት ወርቄ የምትባለው ተማሪ ከከላላ ደወለች።

«ሲስተር፣ ሌሊቱን ደም የፈሰሳት ወላድ መጥታ፣ መርፌውን ወግቼ ማህፀኗን ልክ እንደ ሥዕሉ አሸሁላት። ቆመ።»

«እናትየዋስ?»

«አጥሚት እየጠጣች ነው።»

ፈውዚያ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ስልኩን ዘግታም አለቀሰች።

ጤና ጣቢያዎቹ ግን መጽሐፉን ወደውት ኖሮ፣ አባዝተው አባዝተው አቀስታና ደጎሎ አደረሱት። በወሩ ለፈውዚያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ «የዲኑን የአእምሮ ውጤት ያለ ፈቃድ እንዲባዛ በማድረግዎ» ይላል። ዲኑ ከመፈረማቸው በፊት አስጠሯት።

«ለማስረጃ የሚያያዝ አንድ ቅጂ ይጎድለናል። የእኔ ቅጂ ካዝና ውስጥ ነው፤ ካዝናው ኮሚቴው ካልተሟላ አይከፈትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ከአንቺ ላይ አንድ አባዢልን።»

አባዛችላቸው፤ ሁለተኛውን ገጽ ሳትነካ። ማህተም የሌለው ማስረጃ ማስረጃ አይባልምና፣ ዲኑ ቁጭ ብለው ገጽ በገጽ ማህተም መቱበት። ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ሊያባዛው እንደሚችል የሚናገረውም ገጽ፣ ከነቁጥሩና ከነቀኑ፣ በዚህ ዓይነት ጸደቀ።