ዲናሩ ሲወደድ የመጣሁት እኔ

መቱ ውስጥ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ጤናው፣ ቤተሰቡ፣ ዝናቡ ሁሉ ይጠየቃል። እኔን ግን ሰው ገና ሰላም ሳይለኝ «ምነው መጣሽ?» ይለኛል። እንኳን መጣሽ የሚባለው ነገር የት ገባ? አንድ ባጃጅ ነጂ እንኳን መልሱን እየቆጠረልኝ፣ በዚህ ጊዜ ከኩዌት ይመጣል ወይ ብሎ ታዝቦኛል። ምን አገባው? ግን እሱም የመቱ ሰው ነው፣ ያገባዋል።

ኩዌት ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልጄን ሂክማን በሦስት ዓመቷ ለእናቴ ትቻት ነው የሄድኩት። ለሁለት ዓመት ብዬ ወጥቼ፣ አንዴ ለቆርቆሮ፣ አንዴ ለእናቴ ሕክምና፣ አንዴ ለወንድሜ ሠርግ እያልኩ ስድስት ሞላ። አንድ ቀን ስደውል ሂክማ ስልኩን አነሳችና «እትዬ፣ ደኅና ነዎት?» አለችኝ። የወለድኳት ልጅ አንቱ አለችኝ እኮ። የማዳምን ምንጣፍ እየጠረግኩ ስነፋረቅ ዋልኩ፤ ማታ ላይ ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ እንደምገባ ቆረጥኩ።

ታዲያ ልክ በዚያው ሰሞን የውጭ ገንዘብ በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። የምልከው ዲናር ያው ነው፤ መቱ ባንክ ሲደርስ ግን ብሩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቤተሰቡ እንደ በዓል ተሰብስቦ ደወለልኝና እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። እኔ ምን አገኘሁ? ማዳም እንደሆነች አንዲት ዲናር አልጨመረችልኝ።

ስብሰባውን የመሩት አዴራ ከማል ናቸው። አዴራ የምንለው የአባትን ወንድም ነው፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ የቤታችን ነገር በእሳቸው እጅ ነው። እዚሁ መቱ አጠገብ ሁሩሙ ላይ ቡና ይነግዳሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ዘዴ ደግሞ አንድ ነው፤ ዋጋ እየወጣ ከሆነ ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለውን ቡና፣ መጋዘን ውስጥ ቆልፎ መጠበቅ። ይህንኑ ዘዴያቸውን እኔ ላይ ሞከሩት።

«ኦብሲ ልጄ፣ ታገሺ። ሁለት ዓመት ብትጨምሪ ነው የሚያዋጣው» አሉኝ።

ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይልቅ ደስታው አቅላቸውን አስቷቸዋል። እኔ ግን ነደደኝ። ሰው ጆንያ ነው እንዴ ቆልፈው የሚያቆዩት? እሺ አልኳቸው። ውሸቴን ነበር።

ለማንም ሳልናገር መጣሁ። ሂክማ ከእናቴ አጠገብ ቆማ እንደ እንግዳ እጄን ጨበጠችኝ። አንቺ እስክትለኝ ሦስት ወር ፈጀባት። በእነዚያ ሦስት ወራት ቤተሰቡ ስላስቀረሁበት ብር ሲያለቅስ እኔ ጸጉሯን ስሠራ ነበር።

አዴራ ከማል ግን ገና በሳምንቴ ከሁሩሙ ከች አሉ። የሁለት ዓመት ደመወዜን በብር አስልተው ይህን ያህል ከስረሻል አሉኝ። ዘይቱስ፣ ቆርቆሮውስ፣ ብሩ ሲበዛ እነሱ ዝም ብለው ተቀመጡ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቢሆንም አሉ። ብሩ በዝቶ የሚገዛው ያንኑ ከሆነ እኔ ምን ልጠብቅ ብቆይ አልኳቸው። አሁንም ቢሆንም አሉ።

እኔም በቃኝ። ማዳም በቦታሽ ሰው ላኪልኝ ብላኛለች አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር።

«ይህ ሁሉ ብር ከሚቀር፣ አዴራ፣ የእርስዎን ልጅ መዲናን እንላካት።»

የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እሷማ ገና ልጅ ናት» አሉኝ።

ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሃያ ሦስት አሉኝ። እኔን መርቀው አውሮፕላን ሲያሳፍሩኝ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር።